በቋሚ የጂፒኤስ ምልክቶች ላይ የመነሻ ነጥብና የከፍታ ልኬት፦ የአሊዩ አምባ ተዳፋት እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

በቋሚ የጂፒኤስ ምልክት ላይ የሚመዘገብ ከፍታ ትርጉም የሚኖረው ከየትኛው ነጥብ ተነሥቶ እስከ የትኛው ነጥብ እንደተለካ ሲታወቅ ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በአንድ ጣቢያ ላይ የሚገኙትን አራት ነጥቦችና ሦስት የከፍታ ዓይነቶች ለይቶ ያሳያል፤ የአንቴና ቁመት ሲለካና ሲመዘገብ የሚፈጸሙ ጥቃቅን ስሕተቶች በመሬት እንቅስቃሴ ስሌት ላይ የሚያስከትሉትን መዛባትም በቁጥር ያስረዳል። ለማሳያነት የተመረጠው በሰሜን ሸዋ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የሚገኘው የአሊዩ አምባ ተዳፋት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ መሬት በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር በሚንቀሳቀስበት ስፍራ በመዝገብ ያልሰፈረ አንድ ሳንቲሜትር ከመሬት እንቅስቃሴ ተለይቶ ሊታወቅ አይችልም፤ ስለዚህ የጣቢያው መዝገብ የምልክቱ አካል ሆኖ መያዝ ይኖርበታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቋሚ ምልክት፣ የአንቴና ማመሳከሪያ ነጥብ፣ የፌዝ ማዕከል፣ የኤሊፕሶይድ ከፍታ፣ ጂኦይድ፣ ስምጥ ሸለቆ፣ አሊዩ አምባ

1. መግቢያ

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የሚነሣው የሲራራ ንግድ መንገድ ወደ ሸዋ የሚዘልቀው በዚህች ከተማ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻለቃ ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ በዚሁ መንገድ አልፎ ወደ አንኮበር ወጥቷል፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በከተማዋ ተቀምጦ ስለ ኑሮዋና ስለ ገበያዋ ጽፏል። ለነጋዴውም ሆነ ለመንገደኛው ቆላና ደጋን የሚለየው ይህ ቁልቁለት የጉዞው ሁሉ ፈተና ነበር።

በዚያ ዘመን የነበሩ ተጓዦች የአንድን ስፍራ ከፍታ ለመገመት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት መለካት ነበር። ከፍታ በ300 ሜትር ገደማ ሲጨምር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ በቴርሞሜትሩ ንባብ ላይ የአንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ስሕተት ቢፈጠር የሚገኘው ከፍታ በ30 ሜትር ያህል ይዛባል ማለት ነው። ዛሬ በዐለት ላይ በተተከለ ምልክት ላይ የሚቆም የጂፒኤስ አንቴና ለብዙ ቀናት የተሰበሰበ መረጃ ሲሰጥ ከፍታን በጥቂት ሚሊሜትር ትክክለኛነት ለማወቅ ያስችላል። የመሣሪያው ትክክለኛነት በዚህ መጠን ሲያድግ ግን አንድ የቆየ ጥያቄ አዲስ ክብደት ያገኛል፦ የተለካው የምን ከፍታ ነው? ከየት ተነሥቶስ የት ድረስ?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በብዙ የመስክ መዝገቦች ውስጥ በቂ መልስ አይገኝለትም። «የአንቴና ቁመት 1.65» ተብሎ የተጻፈ መስመር በሰያፍ ይሁን በአቀባዊ፣ እስከ አንቴናው ግርጌ ይሁን እስከ ጠርዙ እንደተለካ ካልተናገረ፣ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን ለሚከፍት ተመራማሪ ከግምት የተሻለ ነገር አያቀብለውም።

2. የስፍራው ሁኔታ

የአሊዩ አምባ ተዳፋት የኢትዮጵያ ደጋና የአፋር ዝቅታ የሚለያዩበት የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ አካል ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች በአግድም የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአቀባዊ እንቅስቃሴው በተለመደው ጊዜ ከዚህም ያነሰ እንደሚሆን ይጠበቃል። ከዚህ ጋር ሊታወስ የሚገባው የጂፒኤስ የከፍታ ውጤት ከአግድም ውጤቱ ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ እርግጠኛ ያለመሆን የሚታይበት መሆኑ ነው። ምክንያቱም ሳተላይቶች የሚታዩት ከአድማስ በላይ ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች ሆኖ የከፍታውን ስሕተት የሚያመዛዝን ሳተላይት የለም።

ጠርዙ ግን ሁልጊዜ በዝግታ ብቻ አይንቀሳቀስም። ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ባሰባሰቡበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በአንኮበር አካባቢ የደረሰ መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት ተመዝግቧል። በ1953 ዓ.ም. ከአሊዩ አምባ በስተሰሜን፣ በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ የደረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ በማጀቴ ከተማ ላይ ከባድ ጥፋት አድርሷል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ቅልጥ ዐለት ሲገባ መሬቱ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ተከታታይ መንቀጥቀጦች ደርሰዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ መንቀጥቀጡ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ይህ ስፍራ ከአሊዩ አምባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በዚያው ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ክስተት ሲፈጠር ከሳተላይት ራዳር የሚገኘው ምስል ሰፊውን የመሬት ለውጥ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ይሁን እንጂ የራዳር ልኬት አንጻራዊ ነው፤ በምስሉ ውስጥ «አልተንቀሳቀሰም» ተብሎ ከተመረጠ ነጥብ ጋር በማነጻጸር የሚነበብ ነው። ያ ነጥብ በእርግጥ ስለመርጋቱ የሚመሰክረው አስቀድሞ በደንብ የተለካ የጂፒኤስ ምልክት ነው። ምስክርነቱ የሚጸናው ደግሞ ከክስተቱ በፊት የነበረው ከፍታ ከክስተቱ በኋላ ካለው ጋር በአንድ ዓይነት መነሻ ሲለካ ነው።

3. በአንድ ምልክት ላይ ያሉ አራት ነጥቦች

ቋሚ ምልክት ሲባል ቋሚ አንቴና ያለው ጣቢያ ብቻ ማለት አይደለም። በዐለት ላይ ለዘለቄታው የተተከለ፣ ነገር ግን አንቴና የሚቆምበት በየጊዜው በሚደረግ የልኬት ዘመቻ ብቻ የሆነ ምልክትም በዚሁ ስም ይጠራል። በሁለቱም ዓይነት ላይ አራት ነጥቦችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የምልክት ነጥብ ነው። ይህ በዐለት ወይም በሲሚንቶ ዓምድ ውስጥ በተተከለው የብረት ወይም የናስ ዘንግ ራስ ላይ የተነጠበች ጉድጓድ ወይም መስቀለኛ ጭረት ነው። የመሬቱን እንቅስቃሴ የሚወክለው ይህ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ የመሣሪያው ናቸው።

ሁለተኛው የአንቴና ማመሳከሪያ ነጥብ ነው። በዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ አገልግሎት ልማድ መሠረት ይህ ነጥብ ለእያንዳንዱ የአንቴና ሞዴል በሥዕል ተለይቶ የተወሰነ ሲሆን፣ በአብዛኛው አንቴናው ከመቆሚያው ጋር የሚያያዝበት ግርጌ ነው። በራይኔክስ ፋይል ራስጌ ላይ የሚጻፈው የአንቴና ቁመት ከምልክት ነጥቡ እስከዚህ ነጥብ ድረስ ያለው አቀባዊ ርቀት ነው።

ሦስተኛው የፌዝ ማዕከል ነው። የሳተላይቱ ሞገድ በእርግጥ «ደረሰ» ተብሎ የሚታሰበው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ነጥቡ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም፤ ለኤል1 እና ለኤል2 ሞገዶች የተለያየ ከመሆኑም በላይ ሳተላይቱ ከአድማስ ያለው ከፍታ ሲለወጥ እርሱም በጥቂቱ ይለዋወጣል።

አራተኛው የመለኪያው ሜትር በተግባር የነካው ነጥብ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የአንቴናው የጎን ጠርዝ ወይም ለልኬት የተሠራ ጭረት ነው። በንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት ብዙ ቦታ የማይሰጠው ይህ ነጥብ በመስክ ላይ የአብዛኛው ስሕተት ምንጭ ነው።

የነጥቦቹ መለየት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አንድ የታወቀ ምሳሌ ያሳያል። በምዕራብ አሜሪካ በተተከሉ በርካታ ቋሚ ጣቢያዎች አንቴናውን ከዓምዱ ጋር የሚያያይዘው ማስተካከያ 8.3 ሚሊሜትር ቁመት አለው። የምልክት ነጥቡ ከማስተካከያው በታች ነው ከተባለ የአንቴናው ቁመት 0.0083 ሜትር ይሆናል፤ ምልክቱ ራሱ የአንቴናው ግርጌ ነው ከተባለ ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ሁለቱም አገላለጾች ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚሆነው ጣቢያው ሥራ ሲጀምር አንዱን፣ ባለሙያ ሲለወጥ ሌላውን መጠቀም ነው፤ ያን ጊዜ መሬቱ ሳይንቀሳቀስ ከፍታው በ8.3 ሚሊሜትር ይዘላል።

4. ሦስት የከፍታ ዓይነቶች

«ከፍታ» የሚለው አንድ ቃል በጂፒኤስ ሥራ ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መጠኖችን ይጠራል። አንደኛው ከላይ የተገለጸው የአንቴና ቁመት ነው። ሁለተኛው የኤሊፕሶይድ ከፍታ ነው፤ ይህም መሬትን እንዲወክል በሒሳብ ከተወሰነ ለስላሳ ቅርጽ በላይ ያለው ርቀት ሲሆን፣ ጂፒኤስ በቀጥታ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው በተለምዶ «ከባሕር ጠለል በላይ» የሚባለው ከፍታ ነው፤ የሚለካውም ጂኦይድ ከሚባለው፣ የመሬት ስበት ከሚወስነው ወለል ተነሥቶ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የጂኦይድ ከፍታ ይባላል። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል ጂኦይዱ ከኤሊፕሶይዱ በታች ስለሚገኝ ልዩነቱ አሉታዊ ቁጥር ነው፤ ከዚህም የተነሣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ከኤሊፕሶይድ ከፍታው ይበልጣል። ለማስረዳት ብቻ በተወሰዱ ቁጥሮች፣ የአንድ ነጥብ የኤሊፕሶይድ ከፍታ 1,500.000 ሜትር፣ የጂኦይዱ ከፍታ ደግሞ −8.000 ሜትር ቢሆን ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 1,508.000 ሜትር ይሆናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና የዓለም አቀፉ አገልግሎት መረብ አባል የሆነው ቋሚ ጣቢያ በሰነዶች ላይ የሚታወቅበት 2,439 ሜትር ገደማ የሆነ ከፍታ የኤሊፕሶይድ ከፍታ ነው፤ በከተማው ካርታ ላይ ካለ የከፍታ መስመር ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይገባም።

ነባሮቹ የሀገሪቱ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው። መነሻው ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ ከሚገኝ ስፍራ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ በስፋት የገባው በጥቁር ዓባይ ተፋሰስ ጥናት ዘመን በተዘረጋው የቅየሳ መረብ አማካይነት ነው። አዲንዳን የተመሠረተበት የክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ግማሽ ዘንግ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ኤሊፕሶይድ በ112 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአዲንዳን ወደ ጂፒኤስ መነሻ ለመሻገር ለኢትዮጵያ በስፋት የሚሠራባቸው ሦስት የማዛወሪያ መጠኖች −165፣ −11 እና 206 ሜትር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም እስከ 3 ሜትር የሚደርስ ያለመርጋት አላቸው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ተዛውሮ የተገኘ ከፍታ ለካርታ ሥራ ሊያገለግል ቢችልም የመሬትን እንቅስቃሴ ለመመርመር አይበቃም።

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት የራሷ የባሕር ጠለል መለኪያ ጣቢያ የላትም። የከፍታ መነሻን ከጂፒኤስና ከጂኦይድ ሞዴል ማግኘት ለሀገሪቱ ልዩ ጠቀሜታ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአውሮፕላን የተካሄደው የስበት ልኬት ለዚህ ሥራ ጠንካራ መሠረት ጥሏል። ቢሆንም ተራራና ገደል በተቀራረቡበት እንደ አንኮበርና አሊዩ አምባ ባለ ስፍራ የጂኦይዱ ወለል በአጭር ርቀት ስለሚለዋወጥ፣ የሞዴሉ ስሕተት ከሜዳማ አካባቢ ይልቅ ሊጎላ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ግልጽ ነው። እንቅስቃሴን ለሚመረምር ተመራማሪ የኤሊፕሶይድ ከፍታ በቂም ተመራጭም ነው፤ ውኃ ወዴት እንደሚፈስ ለሚጠይቅ መሐንዲስ ግን የሚያስፈልገው ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለቱን ስም ሳይሰጡ ማደባለቅ ከስሕተት ሁሉ የከፋው ነው፤ ልዩነቱ በሚሊሜትር ሳይሆን በሜትር ይቆጠራልና።

5. ከሰያፍ ልኬት ወደ አቀባዊ ቁመት

በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የቆመ አንቴና ከምልክት ነጥቡ በቀጥታ ወደ ላይ ሊለካ አይችልም፤ የመቆሚያው ራስና የአንቴናው አካል መንገዱን ይዘጋሉ። ስለዚህ ሜትሩ ከምልክቱ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ አንቴናው ጠርዝ ይዘረጋል። አቀባዊውን ቁመት ለማግኘት የሰያፉ ርቀት ራሱን በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ የአንቴናው ግማሽ ስፋት ራሱን በራሱ ተባዝቶ ይቀነሳል፤ የቀሪውም ካሬ ሥር ይወሰዳል። በመጨረሻም የተለካው ጠርዝ ከማመሳከሪያ ነጥቡ የሚበልጥበት ወይም የሚያንስበት ቁመት ይስተካከላል።

ለምሳሌ የሰያፉ ርቀት 1.652 ሜትር፣ የአንቴናው ግማሽ ስፋት 0.170 ሜትር ቢሆን እስከ ጠርዙ ድረስ ያለው አቀባዊ ቁመት 1.6432 ሜትር ይሆናል። የሰያፉ ርቀት እንደ አቀባዊ ተቆጥሮ ቢመዘገብ የሚፈጠረው ስሕተት 8.8 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ላይ በተለመዱት የቾክ ሪንግ አንቴናዎች የቀለበቶቹ ታችኛ ጠርዝ ከማመሳከሪያ ነጥቡ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ሜትሩ ጠርዙን ነክቶ መዝገቡ «እስከ ማመሳከሪያ ነጥብ» ካለ ይህ ሁሉ በከፍታው ላይ ይደመራል።

የስሕተቱ መጠን ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ክብደቱ የሚታወቀው ወደ ዓመታዊ ፍጥነት ሲቀየር ነው። በአንድ ተከታታይ መረጃ እኩሌታ ላይ ዝላይ ቢፈጠርና ሳይታወቅ ቢቀር፣ በመረጃው ውስጥ የሚሰመረው ቀጥታ መስመር ሐሰተኛ ዝንባሌ ይይዛል። የዚህ ዝንባሌ መጠን የዝላዩ አንድ ተኩል እጥፍ ለመረጃው ዘመን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ8.8 ሚሊሜትር ዝላይ በአራት ዓመት መረጃ መካከል ቢገባ በዓመት 3.3 ሚሊሜትር የሚሆን «እንቅስቃሴ» ይፈጥራል። ይህ የስምጥ ሸለቆው ሁለት ጎኖች በአግድም ከሚራራቁበት ፍጥነት ከግማሽ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለአንድ ተመራማሪ የሸዋን ጠርዝ መነሣት የሚያመለክት ግኝት ሊመስለው ይችላል፤ የተነሣው ግን በመዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

6. የፌዝ ማዕከልና የአንቴና ለውጥ

የአንቴናው ቁመት በትክክል ቢለካም ሥራው አልተጠናቀቀም። ከማመሳከሪያ ነጥቡ እስከ ፌዝ ማዕከሉ ያለው ርቀት ለእያንዳንዱ የአንቴና ሞዴል ከታተመ የማስተካከያ ሠንጠረዥ ይወሰዳል። በቾክ ሪንግ አንቴናዎች ላይ ይህ ርቀት ወደ 10 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በኤል1 እና በኤል2 መካከል ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ይደርሳል።

የአየኖስፌርን ተጽዕኖ ለማስወገድ ሁለቱ ሞገዶች ሲቀናጁ የኤል1 ድርሻ በ2.546 ይባዛል፤ የኤል2 ድርሻ ደግሞ በ1.546 ተባዝቶ ይቀነሳል። የኤል1 ማዕከል ከማመሳከሪያ ነጥቡ በላይ በ0.091 ሜትር፣ የኤል2 ማዕከል ደግሞ በ0.120 ሜትር ቢሆን ቅንጅቱ የሚጠቀምበት ማዕከል በ0.046 ሜትር ላይ ያርፋል። ይህ ከሁለቱም ማዕከሎች በታች ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይታያሉ፦ ስሌቱ የሚሠራበት ማዕከል በሁለቱ መካከል ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ የሚፈጠር የአንድ ሚሊሜትር ስሕተትም በቅንጅቱ ውስጥ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ይወጣል።

የማስተካከያ ሠንጠረዦቹ ራሳቸውም በዘመን ይለወጣሉ። ዓለም አቀፉ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 አንዱን አንቴና ከሌላው ጋር በማነጻጸር ይገኝ ከነበረው ማስተካከያ ወደ ፍጹም ማስተካከያ ተሸጋግሯል፤ በጥር 2017 እና በኅዳር 2022 ደግሞ አዳዲስ ሠንጠረዦችን ሥራ ላይ አውሏል። ከእነዚህ ለውጦች በፊትና በኋላ የተሰሉ ከፍታዎችን ሳያስተካክሉ በአንድ ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ዝላይን በገዛ እጅ መፍጠር ነው። መድኃኒቱ ጥሬ መረጃውን ጠብቆ ማቆየትና ሠንጠረዡ በተለወጠ ቁጥር ሙሉውን ዘመን በአንድ ሠንጠረዥ እንደገና ማስላት ነው። ይህ የሚቻለው ግን የአንቴናው ሞዴል፣ የመለያ ቁጥሩና የሽፋኑ ዓይነት በመዝገብ ላይ ካሉ ብቻ ነው። በመብረቅ የተጎዳ አንቴና በሌላ ሞዴል ተተክቶ ለውጡ ሳይመዘገብ ቢቀር ወደፊት የሚመጣ ሠንጠረዥ ሁሉ ጉድለቱን ሊያቃናው አይችልም።

7. ምልክቱ፣ መሬቱና ከባቢ አየሩ

የምልክት ነጥቡ መሬትን ይወክላል ሲባል ምልክቱ የተተከለበት አካል ከሥሩ ካለው ዐለት ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በደጋው፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በስፋት የሚገኘው መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ የቆመ ዓምድ የሚናገረው ስለ ዝናቡ እንጂ ስለ ስምጥ ሸለቆው አይደለም። በተዳፋቱ ላይ ደግሞ ዋናው አደጋ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ቁልቁለት ነው። ከላይ ሲታይ ጽኑ የሚመስል ቋጥኝ ከእናት ዐለቱ ተለይቶ በአፈር ላይ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአሊዩ አምባ አካባቢ ለምልክት የሚመረጠው ስፍራ ባዛልቱ ያለ ማቋረጥ ከሥር የወጣበት፣ ከገደል አፋፍም የራቀ ሊሆን ይገባል።

ዓምዱ ራሱም ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ ለውጡ ግን ትንሽ ነው። 2 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ዓምድ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የሚረዝመው በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ ከአንቴና ቁመት ስሕተት ጋር ሲነጻጸር የትኛው ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ እንደሚገባ ያመለክታል።

ከባቢ አየሩ ግን በተዳፋት ላይ ልዩ ችግር ያመጣል። የጂፒኤስ ሞገድ በደረቅ አየር ውስጥ ሲያልፍ የሚዘገየው በጣቢያው የአየር ግፊት መጠን ነው፤ ለእያንዳንዱ ሄክቶፓስካል በአቀባዊ አቅጣጫ 2.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በደጋው ላይ ባለ መነሻ ጣቢያና ከእርሱ 1,000 ሜትር ዝቅ ብሎ በተዳፋቱ ላይ በሚገኝ ምልክት መካከል የመዘግየቱ ልዩነት ወደ 20 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ሁለቱ ጣቢያዎች ቢቀራረቡም ከላያቸው ያለው አየር እኩል አይደለም፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ እንደሚደረገው መዘግየቱ እርስ በርሱ ይጣፋል ብሎ ማለፍ አይቻልም። የመዘግየቱ ግምት በ1 ሳንቲሜትር ቢዛባ ከፍታው በ3 ሳንቲሜትር ያህል ሊዛባ ይችላል።

በዚህ ላይ ከአሊዩ አምባ በስተምዕራብ የቆመው የአንኮበር ተራራ የሰማዩን አንድ ወገን ይጋርዳል። የከፍታንና የመዘግየትን ተጽዕኖ ለመለያየት የሚረዱት ለአድማስ የቀረቡ ሳተላይቶች ናቸው። በምዕራብ በኩል እነርሱ ከተጋረዱ ሁለቱን መለየት ያዳግታል። ለምልክት የሚሆን ስፍራ ሲመረጥ የዐለቱ ጽናት ብቻ ሳይሆን የሰማዩ ስፋትም መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

8. መዝገብ፣ ቀንና ሰዓት

በኢትዮጵያ የሚሠራ የጣቢያ መዝገብ በሌላው ዓለም ብዙም የማይታይ አንድ ፈተና አለበት፤ እርሱም የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው። የጂፒኤስ መረጃ በየቀኑ የሚከፈለው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። የጣቢያው ጠባቂ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንቴናው ተነሣ» ብሎ ቢጽፍ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ሰዓት ማለቱ ነው። ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ ፋይሉ ቢገባ ዝላዩ ከደረሰበት ጊዜ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይመዘገባል።

ቀኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ኅዳር 12 ቀን በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. ግን መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለዋለ ኅዳር 12 የዋለው ኖቬምበር 22 ቀን 2023፣ ማለትም በዓመቱ 326ኛ ቀን ነው። የአንድ ቀን ስሕተት በተከታታይ መረጃ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ በተሳሳተ አንቴና እንዲሰላ ያደርጋል። ቀኑ የመንቀጥቀጥ ቀን ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ የመሬቱን እንቅስቃሴ ከመሣሪያው ለውጥ ጋር ያምታታል።

9. ማጠቃለያና የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ የቀረቡት ነጥቦች ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራሉ። የከፍታ ልኬት በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በስም ካልታወቀ የተገኘው ቁጥር ልኬት ሊባል አይችልም። በአሊዩ አምባ ተዳፋትና መሰል ስፍራዎች ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሚከተሉት ተግባራት ይመከራሉ፦

ሀ) የምልክት ነጥቡ የትኛው እንደሆነ በቅርብ በተነሣ ፎቶግራፍና በንድፍ ተገልጾ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲቀመጥ፤

ለ) የአንቴና ቁመት በዙሪያው በሦስት አቅጣጫ፣ ከልኬቱ በፊትና በኋላ፣ በሜትርና በኢንች ተለክቶ ጥሬው ንባብ ሳይታረም እንዲመዘገብ፤ ሰያፍ ወይም አቀባዊ መሆኑና ሜትሩ የነካው ነጥብ በቃላት እንዲጻፍ፤

ሐ) የአንቴናው ሞዴል፣ መለያ ቁጥርና ሽፋን በእያንዳንዱ ጉብኝት እንዲረጋገጥ፤ ለውጥ ሲደረግም አሮጌውም አዲሱም እንዲለካ፤

መ) በምልክቱ ዙሪያ በዐለት ላይ ቢያንስ ሦስት ምስክር ምልክቶች ተተክለው ከዋናው ምልክት ጋር ያላቸው የከፍታ ልዩነት በየዓመቱ በሌቭል መሣሪያ እንዲለካ፤ ምልክቱ ብቻውን ተንቀሳቅሶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነውና፤

ሠ) ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር፣ ከዓመቱ የቀን ቁጥርና ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን እንዲጻፍ፤

ረ) በሚታተም ሠንጠረዥ ሁሉ የከፍታው ዓይነት፣ መነሻው፣ የጂኦይድ ሞዴሉና የአንቴና ማስተካከያ ሠንጠረዡ በስም እንዲጠቀሱ።

ከእነዚህ አንዱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመስክ ደብተርና ትጋት ነው። ጥቅሙ ግን ለጊዜው ላይታይ ይችላል። ስምጥ ሸለቆው ዳግም ሲናወጥ በተዳፋቱና በሥሩ ባለው ቆላ ለሚኖረው ሕዝብ የሚቀርበው ጥያቄ መሬቱ ተነሣ ወይስ ሰመጠ፣ ከመቼስ ጀምሮ የሚል ይሆናል። ያን ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ መለካት አይቻልም። መልስ የሚገኘው ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሰው በምልክቱ አጠገብ ተንበርክኮ ለክቶ፣ ከየት እስከ የት እንደለካ በግልጽ ጽፎ ከሄደ ነው።